ጠብታው የማይታየው ፍሳሽ፦ የአጎቴ አይሱዙ የፍሬን ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የአጎቴ አይሱዙ ኤን ፒ አር ዛሬ ግቢያችን ገብታ ቆመች። ዕድሜዋ 30 ዓመት አልፏል። ሞተሯ 4ቢዲ1 የሚባለው 3.9 ሊትር ናፍታ ነው። ሥራዋ ጤፍ ነው፤ ከቢቸና ጭና አዲስ አበባ እህል በረንዳ ታራግፋለች። በየጉዞው ዓባይ በረሃን ትወርዳለች፣ ትወጣለች።

አጎቴ ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቱ ልክ አልነበረም። "ከደጀን ወደ ታች ስወርድ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ" አለኝ። "በሁለት እግሬ ቆሜበት ነው የያዘልኝ።" 40 ኩንታል ጭኖ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ እየተንፏቀቀ ድልድዩ ድረስ ወረደ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሹፌር የለም።

ቀስ ብዬ ስጠይቀው ሌላም ነገር ወጣ። ከገና ወዲህ በየሳምንቱ የፍሬን ዘይት ይጨምር ነበር። "ግማሽ ሊትር የምትሆን" አለኝ። ከመኪናዋ ሥር ግን አንድም ቀን ጠብታ አይቶ አያውቅም። አንድ ጋራዥ "የቫኩም ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይር" ብሎታል። ሌላው ዘይቱን ሞልቶ ሸኝቶታል። ይሄ ሁለተኛው በጣም አናደደኝ። የፍሬን ዘይት እንደ ናፍታ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን እየፋቀ መኪናውን የሚይዘው የፍሬን ልባስ፣ ሲያልቅ የዘይቱ ልክ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አዎ። በሳምንት ግማሽ ሊትር ከጠፋ ግን የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የት እንደሚሄድ ሳይፈልጉ ሹፌር ወደ በረሃ መላክ አይገባም።

ስለዚህ ሁለት ምልክት ይዘናል። ፔዳሉ ይደነድናል፤ ዘይቱ ይቀንሳል። እነዚህ ሁለቱ የአንድ በሽታ ምልክት ይሁኑ የሁለት ገና አላወቅንም። ዛሬ አራቱንም ጎማ በድንጋይ ደግፈን፣ ከሥር ያለውን ጭቃ አጥበን ለቀቅናት። ቆሻሻ ላይ ፍሳሽ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ መልስ ጋሼ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ፍሬን ሲሠሩ ኖረው አሁን ቤት ውለዋል። ገና ካቻቢቴ ሳናነሳ "መጀመሪያ ፔዳሉን ጠይቀው" አሉኝ።

ፔዳሉን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ስድስት ጊዜ ትረግጣለህ። ፔዳሉ እስኪደነድን። ከዚያ ረግጠህ እንደያዝክ ሞተሩን ታስነሳለህ። ደህና ከሆነ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ይሰምጣል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኩም፣ ማለትም የአየር ምጠጣ ጉልበት መጣ ማለት ነው። የኛዋ በጣም በጥቂቱ ብቻ ሰመጠች። ቀጥለን ሞተሩን አጥፍተን ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ደህና መኪና ላይ የመጀመሪያው ርግጫ አሁንም ለስላሳ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የተጠራቀመ ቫኩም አለ። የኛዋ ከመጀመሪያው ርግጫ ደነደነች። ቫኩሙ የሆነ ቦታ አምልጧል።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መግቢያው ላይ ያለው ክዳን አየሩን ስለሚያንቀው ቫኩም በራሱ ይፈጠራል። ናፍታ ሞተር ያ ክዳን የለውም። ስለዚህ ለቫኩሙ ብቻ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልገዋል። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተሰክቷል፤ ከዲናሞው ጋር አብሮ ይዞራል፣ በሞተር ዘይት ይለሰልሳል። ከፓምፑ የወጣው ቱቦ ሻንሲው ላይ ወዳለው የቫኩም ጋን ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሰርቮው፤ ማለትም የእግራችንን ጉልበት ወደሚያበዛው ትልቅ ክብ ጣሳ። ከዚያው መስመር አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደ ጭስ ፍሬኑ ይሄዳል፤ ማለትም የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዝ ወደሚያደርገው። ይህን ቅርንጫፍ ልብ በሉት፤ ጉዳዩ የተደበቀው እሱ ጋ ነበር።

ጋሼ የቫኩም መለኪያ ይዘው መጥተው ነበር። ሰርቮው ቱቦ ላይ ሰክተን ሞተሩን አስነሳን። መርፌው 310 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ቆመ። ቱቦዎቹን ሁሉ ነቅለን መለኪያውን ፓምፑ ላይ በቀጥታ ስንሰካው 490 አለ።

አጎቴ "700 መሆን አለበት ብለውኛል፤ ፓምፑ ሞቷል ያሉት ለዚህ ነው" አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 700 የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ራሱ 570 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፓምፕ ምንም ያህል ቢጎብዝ ከሌለ አየር ላይ ሊስብ አይችልም። 490 ካመጣ ከ570ው አብዛኛውን ስቧል ማለት ነው። ፓምፑ ጤነኛ ነው። ያንን ፓምፕ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡ ባክኖ ፍሬኑ እንደነበረ ይቀር ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ ቱቦ ለቱቦ ዋልን። ዘዴው ቀላል ነው። መለኪያው ሰርቮው ጋ እንዳለ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየዘጉ መርፌውን ማየት። የጭስ ፍሬኑን ቅርንጫፍ ስንዘጋው መርፌው ከ310 ተነስቶ 470 ገባ። ጋሼ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

ቅርንጫፉን መልሰን ከፍተን የጭስ ፍሬኑን ማብሪያ ስናበራ ደግሞ መርፌው ወደ 220 ወረደ። ሁላችንም ዝም አልን። አጎቴ ሜዳ ላይ ፍሬኑ "ይሻላል" የሚለው፣ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ የሚሆንበት ምክንያት ፊት ለፊታችን ቆመ። ጭስ ፍሬን የሚበራው ቁልቁለት ላይ ነው። ማለትም ዋናው ፍሬን በጣም በሚፈለግበት ሰዓት የጭስ ፍሬኑ ቀዳዳ የዋናውን ጉልበት እየጠጣበት ነበር።

ልዩነቱን በኪሎ አሰላሁት። 25 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሰርቮ ጎማ 490 ላይ ወደ 325 ኪሎ ይገፋል። 220 ላይ ወደ 145 ኪሎ ብቻ። ከግማሽ በታች። የቀረውን የሹፌሩ እግር ይሸከማል።

አሁን ቀዳዳውን ማግኘት ነው። የቫኩም ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ የሚለየው አይወጣም፣ ይገባል። አይንጠባጠብም። የሳሙና አረፋ ብትቀባው አረፋውን ይውጠዋል እንጂ አይነፋውም። በጆሮ ለመስማት ደግሞ የሞተሩ ጩኸት አያስችልም።

እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ጋሼ ማጨሻውን ሲያዩ "እስቲ እሱን አምጪልኝ እመቤት" አሏት። ዕጣኑ ተጨመረ። መጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ ሞከርን፤ ማራገቢያው ጭሱን በታተነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተን፣ ጋኑ እስኪሞላ ጠብቀን፣ አጠፋን። ቫኩሙ ሳያልቅ ባለችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ማጨሻውን በቱቦው ርዝመት ቀስ እያልኩ አሳለፍኩ። ናፍታና ዘይት የነካውን ቦታ አስቀድመን ጠርገናል፤ ውኃም አጠገባችን ነበር።

የማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው መስመር በሚያልፍበት አካባቢ ቱቦው ይታጠፋል። እዚያ ስደርስ ሽቅብ ይሄድ የነበረው ጭስ ተጣመመ። እንደ ፈትል ቀጥኖ ወደ ቱቦው ሆድ ገባ። ጣቴን ሳሳርፍበት ቆመ፤ ሳነሳው እንደገና ገባ። ቱቦውን ነቅዬ ሳጥፈው ጎማው በሙቀት ደርቆ እንደ ቆዳ ተሰንጥቋል። ቀጥ ሲል ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ለሚያየው ምንም የለውም።

የጭስ ፍሬኑን ክዳን የሚጎትተው ትንሽ ጣሳም ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል። በአፍ ስንስበው አልያዘም። እሱም ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን ዛሬ አልፈነዋል። ፓምፑ ላይ 490፣ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ሰርቮው ጋ 470። ሃያ ጎድሏል። "የድሮ መኪና ናት፣ ይሁን" አልኩ። ይህን እዚህ ላይ አስፍሬዋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ተመልሼ መጣሁበት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የጎማዎቹ ቀን። በዚህች መኪና የአራቱም እግር ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚጫነው ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት የፍሬን ሲሊንደር አለ። በድምሩ ስምንት። እያንዳንዱ ሊያፈስ ይችላል፣ እያንዳንዱ ይታያል።

ረዳቱ ልጅ በግራ በኩል ያለውን ዳዶ በሙሉ ክብደቱ ሲገፋ ደረስኩና አስቆምኩት። በእንዲህ ያሉ የጃፓን ጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ልጁ ሊፈታ ሲለፋ እያጠበቀው ነበር። አሁን ገብቶታል፤ የኋላዎቹን ራሱ ፈታ።

ታምቡሮቹን አውጥተን የእያንዳንዱን ሲሊንደር የአቧራ ጎማ ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርገን አነሳን። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ከውጭ ሲያየው ደረቅ ነው፣ ይዘጋዋል። ፍሳሽ የሚጀምረው ግን ከዚያ ጎማ ኋላ ነው፤ ጎማው እስኪሞላ ውጭ አይታይም። ከስምንቱ ስድስቱ ደረቅ ናቸው። የኋላ ግራ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ጠርዛቸው ሲነሳ ዘይቱ ጣቴ ላይ ወረደ። ሸራው ጠጥቶት ጠቁሯል። ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ታምቡሩ ውስጥ ስለቀረ መሬት አልነካም።

የሲሊንደሩን ውስጥ በጨርቅ ጠርገን በባትሪ አየነው። ግድግዳው ላይ ዝገት የበላቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ጥፍር ሲሄድባቸው ይይዛሉ። እንዲህ ከሆነ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ብቻ ቀይሮ መመለስ ለሁለት ወር ነው። ሙሉውን መቀየር ወሰንን። ሸራውን ደግሞ በኋላ በኩል ሁለቱንም ጎን፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ዘይት የጠጣን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ነው፤ እኔ አላደርገውም። ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል።

አቧራውን በአየር አልነፋንም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ያበላሻል። በውኃ አርሰን ጠረግን።

ከሰዓት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ሲሊንደሮቹን፣ ሸራውን፣ የቫኩም ቱቦውን፣ የጭስ ፍሬኑን ጣሳ ገዛን። ቱቦ ስትገዙ ለቫኩም የተሠራውን ጠይቁ። ተራ የውኃ ቱቦ ሲሳብ ራሱ ላይ ይጨመቅና መንገዱን ይዘጋል። አሮጌውን ይዞ መሄድም ይጠቅማል፤ ስሙን ሳይሆን ዕቃውን አስተያይቶ መግዛት ነው። አንዱ ሲሊንደር ከውጭ አንድ ዓይነት ሆኖ ቀዳዳው በሁለት ሚሊሜትር ጠቦ አገኘነው። መለስነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሁሉም ገጥሟል። ዛሬ ከፍሬን መስመሩ ውስጥ አየር ማውጣት።

ከማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር፣ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጀመርን። ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ የአየር ማውጫዋ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ። ልጁ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ከሥር። "እርገጥ!" "ረግጫለሁ!" "ያዝ!" ሩብ ዙር እከፍታለሁ፣ ይፈሳል፣ እዘጋለሁ። "ልቀቅ!" ልጁ ከመዝጋቴ በፊት ከለቀቀ አየር መልሶ ይገባል። ስለዚህ "ልቀቅ" ሳልል እግሩን እንዳያነሳ አጥብቄ ነገርኩት። አንድም ጊዜ አላጠፋም።

መጀመሪያ የወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፤ ያኔ ፔዳሉ አይደነድንም፣ ወለል ድረስ ይወርዳል። ከድንጋይ ፔዳል የባሰ እሱ ነው። ጥርት ያለ ዘይት ከአራቱም እግር እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሊትር ጨረስን።

ፔዳሉ አሁን ጥሩ ነው። የማጠራቀሚያው ጣሳ ላይ በዘይቱ ልክ ነጭ ቴፕ ለጠፍኩ። አጎቴ ባዶዋን ሰፈር ውስጥ ሊነዳት ወሰዳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዘይቱ ከቴፑ አንድ ጣት ወርዷል።

አራት ቀን ብቻ ነው። ሥሯ ገባሁ። ታምቡሮቹ ደረቅ፣ ቱቦዎቹ ደረቅ፣ መጋጠሚያዎቹ ደረቅ። መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈን አሳድረናት ነበር፤ ካርቶኑ ንጹሕ ነው። አጎቴ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን ከበደኝ። ሰኞ ጾም ገብቷል፣ የእህል ጭነት እየጠበቀው ነው።

ጋሼ ቁጭ ብለው አሰቡ። ከዚያ "ካልፈሰሰ ተጠጥቷል" አሉ። "የሚጠጣውን ፈልግ።"

በመኪናዋ ውስጥ የሚጠጣ አንድ ነገር ነው ያለው፤ ቫኩም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን 470 አየሁት። የተውኳት ሃያ።

የሰርቮውን ቱቦ ነቅዬ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁ። ጨርቁ ረጠበ። ግን ምን? ፓምፑ በሞተር ዘይት ስለሚሠራ ትንሽ የሞተር ዘይት ወደ ቱቦው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ውኃ በብርጭቆ አስመጡ። ጨርቁን ጨምቄ ሁለት ጠብታ ጣልኩበት። የሞተር ዘይት ቢሆን እንደ ዓይን ክብ ሠርቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ጠብታዎቹ ግን ወደ ታች እንደ ጭስ ተዘረጉና ከውኃው ጋር ተዋሕደው ጠፉ። አጠገቡ ከሞተሩ መለኪያ ዘንግ አንድ ጠብታ ጣልን፤ እሷ ተንሳፈፈች። የፍሬን ዘይት ከውኃ ጋር ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት አይቀላቀልም። ክርክሩ እዚያ አለቀ። ብርጭቆውን ጣልነው፤ መርዝ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልግለጽ። የፍሬን ማስተሩ ሰርቮው ላይ ተጣብቆ ታስሯል። በማስተሩ ጀርባ ያለው ጎሚኒ ዘይቱን ከሰርቮው ይለያል። ሰርቮው በዚያ በኩል ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ሁልጊዜ ቫኩም ነው። ፔዳሉ ተረገጠም አልተረገጠም። ጎሚኒው ካረጀ ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ይሳባል። ወደ ሰርቮው፣ ከሰርቮው ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ፓምፑ። ፓምፑ ደግሞ የሳበውን የሚተፋው ወደ ሞተሩ ዘይት ነው። መሬት ላይ ጠብታ ቢፈልጉ አይገኝም።

እሑድ፣ የካቲት 23

የዓድዋ በዓል ነው፤ ሠፈሩ ደምቋል። እኛ ማስተሩን አወረድን።

ከሰርቮው ስናላቅቀው ጥቁር ቡናማ ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን በቱቦ ስንመጠው አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞላ። የኋላው ጎሚኒ ከንፈሩ በአንድ በኩል ተላጭቷል። ጥፍር የማይሞላ ቦታ ነው። አጎቴ አንስቶ በብርሃን ላይ ብዙ ጊዜ አየው። "በዚህች?" አለ።

ሰርቮውም አልዳነም። ጎማው በዘይቱ አብጦ ለስልሷል፤ በጣት ሲጫኑት ይንቦረቀቃል። ማስተርና ሰርቮ አንድ ላይ ተገዙ። ዋጋው አጎቴን ጎድቶታል፤ ግን አልተከራከረም።

ስንገጥም አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሰርቮው የሚወጣው ዘንግ የማስተሩን ፒስተን ያለጊዜው መግፋት የለበትም። ዘንጉ ከረዘመ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ታምቡሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል። ካጠረ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ጋሼ ከጧፍ ትንሽ ሰም ቆርሰው በጣታቸው አሙቀው አድበለበሉት። ፒስተኑ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡት፤ ማስተሩን ገጠምነው፣ መልሰን አወጣነው። ሰሙ ተደፍጥጦ እንደ አንድ ሚሊሜትር ቀርቷል። ያ ክፍተቱ ነው። በአሮጌው ላይ ከለካነው ጋር ገጠመ።

ማስተሩን ከመግጠማችን በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘይት ሞልተን አየሩን አወጣን። ይህን ያልሠራ ሰው በኋላ ጎማዎቹ ጋ ግማሽ ቀን ይለፋል። የሞተሩንም ዘይት ከነማጣሪያው ቀየርን፤ የተጠጣው ሁሉ እዚያ ነው የገባው። የቫኩም ጋኑንና ቱቦዎቹን አጥበን አደረቅን።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

የመሪ ዘይትም ታፈስ ነበር፤ የመመለሻው ቱቦ ፋሼታ፣ ማለትም ማሰሪያ ቀለበቱ፣ ሥር ተሰንጥቋል። ጫፉን ቆርጠን በአዲስ ፋሼታ አሰርነው። የሃያ ደቂቃ ሥራ። እግረ መንገዴን ግን ልጁን አስቀምጬ አንድ ነገር አስያዝኩት። የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ምንም ዓይነት ማዕድን ዘይት የፍሬን ጣሳ ውስጥ አይገባም። አንድ ጠብታም ቢሆን። የፍሬን ጎሚኒዎች በእሱ ያብጣሉ፤ ከማስተሩ እስከ ስምንቱ ሲሊንደር ሁሉም ይበላሻል። በችኮላ፣ በመንገድ ላይ፣ "ለጊዜው" ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ከሌለ መቆም ነው እንጂ ሌላ ዘይት የለም። ጣሳው ክዳን ላይ በቀለም "ዶት 3 ብቻ" ብሎ ጻፈበት። ጽሑፉ ያምራል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

መለኪያው ተመልሶ ተሰካ። ሰርቮው ጋ 490። ፓምፑ ላይ 490። ሃያዋ ተመለሰች። የጭስ ፍሬኑ ሲበራ መርፌው ለቅጽበት ንቅንቅ ብሎ ተመልሶ ቆመ። ሞተሩን አጥፍተን አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ 480። ከአሥር ደቂቃው በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ ነበር፣ ሁለተኛውም። ጋሼ ግድግዳው ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ጽፈው ከሥሩ አሰመሩበት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

አብሬ ሄድኩ። በባዶ ወጣን። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆመን ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ወረድን፤ ጭስ ፍሬኑ በርቶ። ድልድዩ ጋ ወርደን እጃችንን ወደ ታምቡሮቹ አስጠጋን፤ አራቱም እኩል ሞቀዋል። አንዱ ብቻ ቢግል ያልለቀቀ ፍሬን አለ ማለት ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ከቢቸና 40 ኩንታል ጫንን። እውነተኛው ፈተና ከደጀን ወደ ታች ያለው ነው። አጎቴ አፋፉ ላይ ቆሞ አማተበ፤ ሁለተኛ አስገባ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፔዳሉን ሲነካ ዓይኔ እግሩ ላይ ነበር። በአንድ እግሩ፣ በጫማው አፍንጫ ነው የረገጠው። መኪናዋ አዘነበለች፣ ታዘዘች። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬን አላወራም፤ ስለ ገዛ ልጁ ትምህርት ነገረኝ።

ጎሐ ጽዮን ደርሰን ሻይ አዘዝን። ሻዩ ሳይመጣ ረዳቱ ልጅ ሮጦ ጣሳውን አይቶ መጣ። "ቴፑ ላይ ነው" አለ። ራሴም ሄጄ አየሁ፤ ቴፑ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የኋላውን ሸራ ክፍተት አስተካክላለሁ፤ አዲሱ ሸራ እየገጠመ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል። ያኔ የሁሉንም ሲሊንደር የአቧራ ጎማ እንደገና አነሳለሁ።